በቅዳም ሹር የጠጣሁት ወተት

አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ ዳባት ውስጥ እንደኔ የተመሰገነች ልጅ አልነበረችም። ምስጋናው ሊገድለኝ ትንሽ ነው የቀረው። ይህን የምለው ለማጋነን አይደለም። ማጋነን አልወድም፤ የጻፍኩትን ደጋግሜ የማነብ፣ ሰው ይከፋብኛል ብዬ ከአንድ ቃል ጋር ግማሽ ቀን የምታገል ሰው ነኝ። ስለዚህ ከዚህ በታች ስለ አንዳንድ ሰዎች የምጽፈው ቢሻክርባችሁ፣ ሳላስበው ያመለጠኝ አይምሰላችሁ። አስቤበታለሁ።

አሁን የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። ያኔ አባቴ አዲ አርቃይ ያስተምር ስለነበር ወደ ቤት የሚመጣው አልፎ አልፎ ነበር። ቤቱን የምትመራው እናቴ ናት፤ እናቴን የምትመራት ደግሞ ታላቅ እህቷ፣ አክስቴ እታገኝ። አክስቴ ገበያው ዳር የጨርቅ ሱቅ አላት፤ የጽዋ ማኅበራቸው ሙሴ፣ ማለትም መሪ፣ እሷ ናት፤ ለቅሶ ቤት ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ሰርግ ቤት ማን ወጥ እንደሚሠራ የምትወስነው እሷ ናት። ሰው ሁሉ ያከብራታል። ወይም ይፈራታል፤ በኛ ሰፈር ሁለቱን የሚለይ ሰው አላጋጠመኝም።

እኔ ደግሞ ሁሉን ደስ ለማሰኘት የተፈጠርኩ ልጅ ነበርኩ። አንድ ፊደል ከተበላሸብኝ ገጹን ሙሉ እንደገና እገለብጣለሁ። የታጠበ ሳህን መልሼ አጥባለሁ። ሰው ሲቆጣ ካየሁ፣ ጥፋቱ የኔ ባይሆንም ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከክፍል አንደኛ ወጥቼ ወደ ቤት ስመለስ የማስበው ስለ ደስታው አይደለም፤ በሚቀጥለው ሁለተኛ ብወጣ ሰው ምን እንደሚል ነው። መምህራን "ልጅ ማለት እሷ ናት" ይሉኝ ነበር። ያች ልጅ እንዴት እንደምትኖር የጠየቀኝ ግን የለም።

ነገሩ የጀመረው በሃይማኖት አይደለም። የጀመረው በልብስ ስፌት ነው። የአጎቴ ልጅ ስታገባ ለሚዜነት ልብስ ልለካ አክስቴ ሱቅ ሄድኩ። ሜትሩን ወገቤ ላይ ጠምጥማ፣ ጨርቅ ሊገዙ ለመጡት ሴቶች "ይቺ ልጅ እኮ የእናቷን ዳሌ ይዛ መጣች፤ ወንበር አይበቃትም" አለች። ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ሰው ሲስቅ አለመሳቅ ነውር ይመስለኝ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ እራት ተውኩ።

መጀመሪያ ላይ እናቴ ትጨቀጭቀኝ ነበር። ጾም ሲገባ ግን ጭቅጭቁ ቆመ። በኛ አገር ልጅ "አልበላም" ካለች ቤቱ ይታመሳል፤ "ጾም ነኝ" ካለች ግን እናት ዝም ትላለች፣ ጎረቤት ያደንቃል። ይህን ሳውቅ የተደበቀ በር ያገኘሁ መሰለኝ። ሌላው እስከ ቀትር ሲጾም እኔ እስከ ዘጠኝ፤ ሌላው እስከ ዘጠኝ ሲጾም እኔ እስከ ሰርክ። ጾሙ ሲፈታ "የስእለት ነው" ብዬ እቀጥላለሁ። ሐዋርያት፣ ፍልሰታ፣ ነቢያት እያለ ዓመቱ ሞላ። የምቀምሰው ጭብጥ የማይሞላ ንፍሮ ነበር፤ እሱንም ከበላሁ በኋላ ወገቤን በሜትር እለካለሁ። በዚህ መሐል ስለ እግዚአብሔር ያሰብኩባቸው ጊዜያት ጥቂት ናቸው። ስለ ወገቤ ያሰብኩባቸውን አልቆጥርም።

ምስጋናው ታዲያ ዘነበ። የሰንበት ትምህርት ቤታችን ሰብሳቢ፣ ጉንጩ የሞላ ደስተኛ ሰው፣ ከልጆቹ መሐል አስነሥቶ "ሥጋዋን የገደለች እህታችሁን እዩ" አለ። ልጆቹም አዩኝ። አንዳቸውም "ምነው ከንፈርሽ ጠቆረ?" አላሉኝም። ሰፈሩ ባሕታዊቷ የሚል ስም አወጣልኝ። ምስጋና የሚበላ ነገር ቢሆን ኖሮ በዚያ ዓመት ወፍሬ እፈነዳ ነበር።

ጸጉሬ በማበጠሪያ እየተነቀለ ይመጣ ጀመር። ፀሐይ ላይ ሹራብ በሹራብ ደርቤ እንቀጠቀጣለሁ። ክንዴ ላይ እንደ ጨቅላ ሕፃን ያለ ስስ ጸጉር በቀለ። የወር አበባዬም ቀረ። እናቴ ይህን ስትሰማ ደንግጣ ለአክስቴ ነገረቻት። አክስቴ ግን ፊቷ በራ። ቤተ ክርስቲያን ከመግባት እንዳትስተጓጎል እግዚአብሔር ሰብስቦላት ነው ብላ ተረጎመችው፤ ትርጉሟንም በማኅበር ላይ ለሴቶቹ አካፈለች። የኔን የወር አበባ። እናቴ ሐኪም ቢያያት ብላ ስትለማመጥ የመለሰችላትን ዛሬም አልረሳውም፤ "ምን ብለሽ ካርድ ልታወጪ ነው? ልጄ ጸለየችብኝ ብለሽ?"

ከዚያ የሕማማት ሳምንት ደረሰ።

ጸሎተ ሐሙስ ዕለት ጉልባኑን ለጎረቤት ያዳረስኩት እኔ ነኝ። የስንዴውና የባቄላው እንፋሎት ፊቴን ሲመታኝ ምራቄን እየዋጥኩ፣ በውስጤ ደግሞ የሚበሉትን ሁሉ እየናቅሁ። በመሐሉ አክስቴ መጣችና ሴቶቹ ፊት ዘንድሮ ከሐሙስ እንደማከፍል አወጀች። አክፍሎት ማለት እስከ ትንሣኤ ድረስ እህል ውኃ ሳይቀምሱ መቆየት ነው፤ ብዙዎች ከዓርብ ይጀምራሉ፣ የጠናባቸው ከሐሙስ። እኔ ከጥቂት ቀን በፊት "ብችል" ብዬ አንሾካሹኬላት ነበር። "ብችል" የሚለውን ቃል አክስቴ አልሰማችውም፤ ወይም አልፈለገችውም። ሴቶቹ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። እኔም ራሴን ዝቅ አድርጌ ፈገግ አልኩ። እምቢ የምትል ምላስ አልነበረኝም።

ዓርብ ስቅለት ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ከጠዋት ጀምሮ ሞልቷል፤ ከደጋው የሚመጣው ነፋስ ነጠላውን ሁሉ ያርገበግበዋል። "ኪርያላይሶን" እየተባለ ይሰገዳል፣ ይነሣል፣ እንደገና ይሰገዳል። እኔ ከሴቶቹ በኩል ፊት ለፊት ነበርኩ፤ አክስቴ ያቆመችኝ እዚያ ነው፣ ሰው እንዲያየኝ። ግንባሬ መሬት ሲነካ ልቤ አንድ ጊዜ ይመታና ሌላውን የሚረሳው ይመስለኛል። ስነሣ ግቢው ይዞራል። ልቀመጥ ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ከኋላዬ ያሉት ሴቶች ምን እንደሚሉ አሰብኩ። ሰገድኩ። ቀትር አካባቢ ሳልነሣ ቀረሁ።

ስነቃ አንዲት የማላውቃት ሴት ጭንቅላቴን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ የውኃ ጣሳ ወደ አፌ እያስጠጋች ነበር። ጣሳው ከንፈሬን ነካው። ወዲያው አንድ እጅ መጥቶ ገፋው፤ ውኃው አንገቴ ላይ ፈሰሰ።

"አክፍላለች እኮ" አለች አክስቴ። "ልታስፈርሽባት ነው? ለዛሬ ደርሳ?"

ሴትዮዋ ጣሳውን መለሰች። በዙሪያችን የቆሙት በስምምነት ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ለሴትዮዋ ሳይሆን ለአክስቴ። አንዷ "ተመስጦ ነው፣ አትንኳት" ስትል ሰማሁ። እናንተ የምታነቡ፣ ይህን ልብ በሉልኝ። ያ ሁሉ ሰው የሚሰግደው በመስቀል ላይ ሆኖ "ተጠማሁ" ላለው ነው። ከፊታቸው የወደቀች ልጅ ውኃ ስትከለከል ደግሞ ራስ ነቀነቁ።

እናቴ ሰውን እየገፋች ደረሰች። እናቴ ሰውን ስትገፋ አይቼ አላውቅም። ክንዴን ያዘች፤ ያዘችውና ደነገጠች፤ ለካ ከስንት ጊዜ በኋላ በእጇ መንካቷ ነው። ተሸክማኝ ተነሣች። በዕድሜዋ ሁሉ ከባድ ነገር ተሸክማ ስለኖረች መክበድ የነበረብኝን ታውቀዋለች። አልከበድኳትም። ያኔ ነው ያለቀሰችው።

በስቅለት ዕለት መኪና ከየት ይገኛል? ለፋሲካ ገበያ በግ ጭኖ ወደ ደባርቅ የሚሄድ አይሱዙ አገኘን። ሾፌሩ ጋቢና አስገባን፤ አክስቴም ተከተለች፤ ነገሩ ከእጇ ሲወጣ ልታይ አልፈለገችም። ሾፌሩ ከእናቴ ተቀብሎ ሲያወጣኝ "ኧረ እናንተ፣ ከኋላ ያሉት በጎች እንኳ ከሷ ይከብዳሉ" አለ። ሰውየው ጨዋ አልነበረም፤ አፉ ጫት በጫት ነው። ግን በዚያ ዓመት ውስጥ እውነቱን በመጀመሪያ የነገረኝ ሰው እሱ ነው። መንገዱን ሙሉ በጎቹ ከኋላ ይጮሁ ነበር፤ እኔ ደግሞ፣ እመኑኝ፣ ጋቢናው ውስጥ ቦታ ስላጠበብኩ ይቅርታ እጠይቅ ነበር።

ሆስፒታል የተቀበለችን ዶክተር ሰብለ የምትባል ወጣት ሐኪም ናት። ድምፅዋን ከፍ አታደርግም። ልቤን አዳመጠች፣ ጥፍሬን አየች፣ የክንዴን ጸጉር አየች፤ ከዚያ እናቴን ብዙ ጠየቀቻት። ደሜ ውስጥ ስኳሩ ወርዷል፤ የልቤ ምት ተኝቶ ከሚያንቀላፋ ሽማግሌ ልብ ይዘገያል አለች። ግሉኮስ ሲሰቀልልኝ አክስቴ ከወደ እግሬ ቆማ ይህ ነገር ጾም ይፈታ እንደሆነ ጠየቀች።

ዶክተሯ መርፌውን እያስተካከለች "ደም ሥር አፍ የለውም፣ እትዬ" አለቻት።

አልጋዬ አጠገብ ከመካነ ብርሃን በኩል የመጣች ሴት ነበረች፤ ያበጠ እግር ያለው ሕፃን ታቅፋለች። ብዙ መንገድ በእግር ተጉዛ፣ ከዚያ በመኪና ነው የደረሰችው። እናቴን ቀስ ብላ "እናንተም እህል ጠፍቶባችሁ ነው?" አለቻት። እናቴ እህል እንዳለን ነገረቻት። ሴትዮዋ ያልሰማች መስላ ደግማ ጠየቀች። እናቴም ደገመችላት። ያኔ ሴትዮዋ አየችኝ፤ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። "እህል እያለ?" አለችና ጀርባዋን ሰጥታኝ ለልጇ ወተቱን በማንኪያ መስጠት ቀጠለች። እስከ ሄድኩበት ቀን ድረስ አላነጋገረችኝም። አልፈርድባትም።

ማታ ከመሆኑ በፊት ዶክተሯ ያንኑ ወተት፣ በምግብ እጥረት ለተጎዱ ሕፃናት የሚሰጠውን፣ በኩባያ ይዛ መጣች። ግሉኮሱ ብቻውን እንደማያቆየኝ፣ ልቤ ራሱ ከሥጋዬ ጋር እየሳሳ እንደሄደ፣ በትንሽ በትንሹ መመገብ ካልጀመርኩ ሊቆም እንደሚችል ነገረችኝ። ሳትደብቅ ነው የነገረችኝ። እኔም በጣም በትሕትና አመሰገንኳትና እስከ ትንሣኤ ቃል እንዳለብኝ ገለጽኩላት። አልጋው ላይ ቀና ብዬ፣ እጆቼን አጣጥፌ፣ መምህር ፊት እንዳለች ተማሪ። ስሞትም ሥርዓት ይዤ ልሞት ነበር።

ዶክተሯ አልተቆጣችም። ወንበር ስባ ተቀመጠች። "አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አለችኝ፤ "ትንሣኤ ነገ ጠዋት ቢሆን ትጠጪዋለሽ?"

አፌን ከፈትኩ። አዎ ልላት ነበር፤ ሰው የሚፈልገውን መልስ መስጠት እችልበታለሁ። ግን ኩባያውን አየሁት፤ ስቡን፣ ነጭነቱን። አፌን መልሼ ዘጋሁት። እሷም መልሱን አገኘች።

"እንግዲያው ጾሙ አይደለም" አለች። ለእናቴ ዞራም የንስሐ አባቴ ማን እንደሆኑ ጠየቀቻት።

አክስቴ ይህን ስትሰማ ደስ አላት። ቄስ መኳንንት ከዳባት ወጣ ብላ ባለች የገጠር ደብር የሚያገለግሉ፣ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ መጥተው የቃል ኪዳኔን ክብር ለሐኪሟ ያስረዷታል ብላ ተስፋ አደረገች። ልትቀበላቸውም ነጠላዋን አስተካክላ ጠበቀች።

ቅዳም ሹር ዕለት፣ ቄጠማውን ለምእመናን አድለው ሲያበቁ፣ ዣንጥላቸውን ይዘው በመጀመሪያው መኪና መጡ። ጫማቸው ጭቃ ነበር። ዶክተሯ ከበር ውጭ ለትንሽ ጊዜ አነጋገረቻቸው። ከዚያ ገቡ። እኔ መስቀል ልሳለም ቀና ስል መስቀላቸውን አላወጡትም።

"መስቀሉ ይቆይ" አሉኝ። ከአልጋው ጎን ተቀመጡ። "ወለተ ማርያም፣ ከሐሙስ እንድታከፍዪ ማን አዘዘሽ?"

"ማንም፣ አባታችን።"

"ስእለት ነው እያልሽ ዓመቱን እንድትጾሚስ?"

"ማንም።"

"እኔ አውቅ ነበር?"

"አያውቁም።"

"ታዲያ የንስሐ አባትሽ ማነው? አክስትሽ ናት?"

አክስቴ ለጽድቅ ብላ እኮ ነው ስትል ጣልቃ ገባች። ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ "እታገኝ፣ ያንቺ ተራ ይደርሳል" አሏት። የመካነ ብርሃኗ ሴት እንኳ ማንኪያዋን አቆመች።

ልቤን የሚሰብር ነገር የተናገሩኝ ከዚህ በኋላ ነው። በሕይወቴ እንደዚያ በንቀት ያናገረኝ ሰው አልነበረም። "ጾም የታዘዘ ነገር ነው" አሉኝ፤ "መግቢያ አለው፣ መውጫ አለው፣ በሽተኛ አይገባበትም። ያንቺው መግቢያም መውጫም የለው። በቅሎዬ ስትታመም ገለባ አትቀምስም፤ ጾመች ብዬ ግን አላውቅም። አንቺ ታመሻል። ታመሽ ሳለ ጻድቅ ነኝ ብለሽ ከሰው ፊት ቆምሽ። በሽታው በሽታ ነው፣ አልቆጣሽበትም። መቆምሽ ግን ትዕቢት ነው።"

አለቀስኩ። ያለቀስኩት ግን ስላዘንኩ ብቻ አይደለም። ያን ሁሉ ጊዜ ከሁሉ የበለጥኩ ታዛዥ ነኝ ብዬ ስኖር፣ አንድ ሰው መጥቶ እምቢተኛ እንደነበርኩ ነገረኝ። ለኔ ዓይነቷ ልጅ ከዚህ የባሰ ስድብ የለም። እሳቸውም ያን ያውቁ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ወይም ዶክተሯ ነግራቸው ነበር።

ከዚያ ቀኖናዬን ሰጡኝ። ሐኪሟ ያለችውን፣ ባለችው ሰዓት፣ ባለችው መጠን፣ ከእናቴ እጅ እንድበላ። አንድ ስግደት እንዳልሰግድ። እሳቸው ራሳቸው እስኪፈቱኝ ድረስ ምንም ጾም እንዳልጾም። የሚያመሰግነኝ ሰው ሲመጣ ተነሥቼ እንድሄድ። ሲጨርሱ ወደ አክስቴ ዞሩ።

"አሁን ወተቱን አንቺ ያዥላት።"

"እኔ? በቅዳም ሹር?"

"ጠጪ አላልኩሽም፣ እታገኝ። ያዥ ነው ያልኩሽ። ትናንት ጣሳ የገፋው እጅ ዛሬ ይያዝ።"

አክስቴ ኩባያውን ያዘች። ከንስሐ ይሁን ከንዴት አላውቅም፣ እስካሁን አልጠየቅኋትም። ወደ አፌ አስጠጋችው። የወተቱ ሽታ ሲደርስብኝ ፊቴን አዞርኩ፣ መለስኩ፣ እንደገና አዞርኩ። ሰው ለመጠጣት ይህን ያህል ይታገላል ብሎ የሚያምን የለም፤ ስለዚህ አላብራራም። የመጀመሪያው ጉንጭ አፌ ውስጥ ብዙ ቆየ። እናቴ እጄን ይዛ ነበር፤ አትጠጪ አላለችኝ፣ ጠጪ አላለችኝ፣ ብቻ ይዛኛለች። ዋጥኩት። ሁለተኛው ከመጀመሪያው የከፋ ነው። ኩባያው እስኪያልቅ ፀሐይዋ ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው ዞረች፤ ቄስ መኳንንትም ጭቃ ጫማቸውን እያዩ ጠበቁኝ። ሲያልቅ ብድግ ብለው መስቀሉን ሰጡኝ።

እሳቸው ከወጡ በኋላ ዶክተር ሰብለ የልቤን ምት እያዳመጠች ወተቱን የጠጣሁት እሳቸውን ለማስደሰት እንደሆነ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። "ለዛሬ ይሁን" አለች። "በሽታው የገባው ሰው ደስ ይበለው በሚለው በር ነው፤ መድኃኒቱም ለጊዜው በዚያው ይግባ። በኋላ ግን በሩን ራሱን ማበጀት አለብን።"

በማግስቱ ፋሲካ ሆነ። ጠዋት ላይ ኮሪደሩ ላይ የዶሮ ወጥ ሽታ ከሰዎቹ ቀድሞ ደረሰ። አክስቴ የማኅበሯን ሴቶች አስከትላ፣ ሰብሳቢውንም ጨምራ፣ ሌማት ተሸክማ መጣች። ዶሮ፣ ዕንቁላል፣ አይብ፣ በቅቤ የራሰ ፍትፍት። ትናንት ያፈረችበትን ዛሬ ልትክስ ነው፤ ያውም ሰው እያያት። "ከእጄ ትጎርሳለች፣ አባታችን አዘውኛል" እያለች ገባች። ይህንንም ለራሷ በሚመቻት ተርጉማዋለች።

ዶክተሯ አልነበረችም። ሲስተሯ ሌላ ክፍል ነበረች። አስቀድሞ ግን ለእናቴ በደንብ ተነግሯታል፤ ለረጅም ጊዜ የተራበ ሰውነት ድንገት ብዙ ምግብ ሲገባበት በደም ውስጥ ያለው ጨው ይዛባል፣ ልብ በዚያው ሊቆም ይችላል። ከረሃብ የተረፈ ሰው በግብዣ ይሞታል። ሴቶቹ አልጋዬን ከበቡ። አክስቴ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልላ፣ ቅቤው በጣቶቿ መሐል እየወረደ፣ ወደ አፌ አመጣች። ሰብሳቢው "ጽናትሽ ተፈጸመ" አለኝ።

እኔስ? እኔ አፌን ልከፍት ነበር። እውነቴን ነው። ትጾም ሲሉ የጾመች ልጅ፣ ትጉረስ ሲሉ ልትጎርስ ነበር። ጉርሻ መመለስ ነውር አይደል?

እናቴ ከወንበሯ ተነሣች። የአክስቴን የእጅ አንጓ ያዘች፤ አጥብቃ እንደያዘች ያወቅሁት የአክስቴ ፊት ሲለወጥ ነው። "እትዬ" አለቻት፣ ድምፅዋ ዝግ ብሎ፣ "ዓርብ ውኃ ከለከልሻት። ዛሬ በቅቤ ልትገድያት ነው። ልጄ ያንቺ ማኅበር አይደለችም። ሌማትሽን ይዘሽ ውጪ።"

እናቴ ታላቅ እህቷን ውጪ ስትል በዘሯ የመጀመሪያዋ ሳትሆን አትቀርም። አክስቴ ሴቶቹን ዞራ አየች፤ ሁሉም ወለሉን ያያሉ። ጉርሻውን መልሳ ሌማቱ ላይ አስቀመጠችና ወጣች። ሌሎቹም ተከተሏት። ሰብሳቢው መጨረሻ ላይ ሲወጣ ከሌማቱ ዕንቁላል አንሥቶ እንደነበር እናቴ ምላ ትናገራለች። ከዚያ እናቴ ኩባያውን አመጣች። በመጠኑ፣ በሰዓቱ። ጠጣሁት።

እንግዲህ ይህ ነው። ፈጣን ፈውስ የምትጠብቁ ከሆነ ላሳዝናችሁ ነው። ሆስፒታል ብዙ ቆየሁ። ቤት ከገባሁ በኋላ እናቴ ሥራዋን ትታ በየማዕዱ ፊቴ ትቀመጥ ነበር፤ እስክጨርስ አትነሣም፣ አትሰድበኝም፣ አታባብለኝም። የደበቅሁባት ጊዜ አለ፣ የጮኽኩባት ጊዜ አለ። ለአእምሮ ሕክምና ጎንደር እየተመላለስኩ አንድ አማካሪ አገኝ ነበር። እሱ ስለ ምግብ ብዙ አልጠየቀኝም። የጠየቀኝ ስለ ባሕርዬ ነው። እንከን ስለማይወደው፣ የሰው ፊት እያየ ስለሚኖረው፣ ራሱን ካልቀጣ ስለማያርፈው ባሕርዬ። የሰጠኝ የቤት ሥራም አስቂኝ ነበር። አንድ ሳህን ሳታጥቢ እደሪ። የተሰረዘ ቃል ያለበት ወረቀት ለመምህር ስጪ። አንድን ሰው እምቢ በዪ፣ ምክንያት አትስጪ። ከወተቱ ይልቅ ያልታጠበው ሳህን ነው ያስለቀሰኝ።

ከዚያ ወዲህ ምስጋናን በጎሪጥ ነው የማየው። በተለይ ለልጆች የሚሰጠውን። ትታዘዛለች፣ አታስቸግርም፣ ከዕድሜዋ በላይ ናት የምትሉት ልጅ ቤታችሁ ካለች፣ እባካችሁ ሳህኗን እዩት። ስትለብስ ክንዷን እዩት። ጾም ነኝ ስትል ማን እንዳዘዛት ጠይቁ። የኛ ሰው የታመመ በግ ከመንጋው ለይቶ ያውቃል። የታመመች ልጅ ግን፣ በሽታዋ የሚያኮራ ከመሰለው፣ ከፊት ያቆማታል።

ዘንድሮ ሁዳዴ ሲገባ ለቄስ መኳንንት ስልክ ደወልኩ። ጾም በገባ ቁጥር እደውላለሁ፤ ሁልጊዜም ገና ነው ይሉኛል። ዘንድሮ ግን አልከለከሉኝም። "አንቺ ምን ትያለሽ?" አሉኝ። እኔ ገና አልችልም አልኳቸው። "ደግ" አሉና ስለ ትምህርቴ ጠየቁኝ።

በዩኒቨርሲቲያችን ካፌ በጾም ጊዜ ሁለት ሰልፍ አለ፤ የጾምና የፍስክ። በመጀመሪያው ቀን በፍስኩ ሰልፍ ቆምኩ። ነጠላዬንና የአንገቴን ማተብ ያዩ የዶርሜ ልጆች ከማዶው ሰልፍ አፈጠጡብኝ። አንዷ፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ፣ "ማተብ አስራ ዕንቁላል ትበላለች፤ ምን ዓይነት ናት?" አለች። ሌሎቹ ሳቁ።

ላስረዳት እችል ነበር። የሕመሜ ታሪክ፣ የቀኖናዬ ታሪክ፣ ሁሉም ምላሴ ጫፍ ላይ ተሰልፎ ነበር፤ ብነግራት አዝና ትወደኝ ነበር። ትሪዬን ይዤ እሷ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። ዕንቁላሉን በዳቦ በላሁ። ስጨርስ ርቦኝ እንደነበር ታወቀኝና ተነሥቼ ሰልፉ ላይ እንደገና ቆምኩ።